የአባቶቻችን ሽጉጦች ጅማ ሙዚየም ይግቡ

ክቡር አዘጋጅ፣

ሚያዝያ 27 በደረሰ ቁጥር ስለ አርበኞች ይጻፋል፣ ይነገራል። ደስ ይለኛል። ትተውልን ስለሄዱት ነገር ግን የሚያነሳ ሰው አላየሁም። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ በየቤቱ ሳጥን ሥር በጨርቅ ተጠቅልለው የተቀመጡ የጠላት ዘመን ሽጉጦች አሉ። የማረኳቸው አባቶች አርፈዋል። እኛ ልጆቻቸውም አርጅተናል። ከእኛ በኋላ የማን እንደነበሩ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ሽጉጦቹ እንዳይተኩሱ ተደርገው፣ ከባለቤቶቻቸው ስምና ታሪክ ጋር ጅማ ሙዚየም አንድ ላይ ይቀመጡ እላለሁ።

አባቴ ከደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ጋር ከዘመቱት አርበኞች አንዱ ነበር። ጅማ ያኔ ለጣሊያን ዋና ቦታ ነበረች። የደቡብ ምዕራቡን አገር የሚገዙት እዚህ ተቀምጠው ነው። የሠሯቸው ሕንፃዎች ዛሬም አሉ፣ በየቀኑ በደጃቸው እናልፋለን። ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ ኦሞን ተሻግሮ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ብቻውን አልነበረም። ለዓመታት በየጫካው ሲዋጉ የኖሩት አርበኞችም ነበሩ። ከተማችን ሕንፃውን ጠብቃ የአርበኞቹን ነገር መርሳቷ ያሳዝነኛል።

የአባቴ ሽጉጥ ከአንድ የጣሊያን መኮንን የማረከው ስድስት ጎራሽ ነው። ጣሊያኖቹ ቦዴዮ ይሉታል፣ ሞዴል 1889። በእኛ አቆጣጠር 1881 መሆኑ ነው፣ የውጫሌ ውል የተፈረመበት ዓመት። ይህን ያወቅሁት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ ስለ ሽጉጡ ብዙ አያወራም ነበር። ስለሞቱት ጓደኞቹ ነበር የሚያወራው። ሲያርፍ በለቅሶው ላይ ጠመንጃው ተዘቅዝቆ ተያዘ፣ ተፎከረ፣ ተለቀሰ። ሽጉጡ ግን ሳጥን ውስጥ ቀረ።

እሱን ለማክበር ብዬ የሌሎችንም መፈለግ ጀመርኩ። መሣሪያውን ሰብስቤ ቤቴ አላስቀምጥም፣ ሕግም አይፈቅድም። የምሰበስበው ፎቶውንና ታሪኩን ነው። የአርበኛ ልጅ ቤት እሄዳለሁ፣ ቡና ይፈላል፣ ሽጉጡ ከሳጥን ይወጣል፣ እኔ እጽፋለሁ። ማን ማረከው? የት? ከማን ጋር ነበር?

ብረቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። የቦዴዮ ቃታ ወደ ፊት የሚታጠፍ ከሆነና ጠባቂ ቀለበት ከሌለው የተራ ወታደር መሣሪያ ነው። ቀለበት ካለው የመኮንን ነው። ጎኑ ላይ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ተመትቷል። እንደ ዱላ ከመሐሉ ተሰብሮ የሚከፈት፣ ሲከፈትም ቀለሁን ሁሉ በአንዴ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝ ዌብሊ ወይም ኤንፊልድ ነው። እንዲህ ያለው ባብዛኛው ምርኮ አይደለም፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አብሮ የተዋጋ ሰው ያገኘው ነው። አንድ ቤተሰብ «ምርኮ ነው» ሲል የኖረውን ብረቱ ሌላ ታሪክ ሲነግረው አይቻለሁ። ታሪኩ አላነሰም። እንዲያውም አባታቸው የት እንደነበሩ በዚያ ታወቀ።

የእናቶች ነገርም እዚህ ውስጥ አለ። ጥይት በእህል መሐል ደብቀው ያሻገሩ፣ ቁስለኛ ያሳደሩ፣ ወሬ ያቀበሉ እናቶች ስማቸው የትም የለም። ሽጉጡን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ከሰው ዓይን የጠበቁትም እነሱ ናቸው። በእኛ ባህል መሣሪያ የሚወርሰው ወንድ ልጅ ነው። ታሪኩን ግን ስጠይቅ በደንብ የሚነግሩኝ ሴት ልጆች ናቸው። ሙዚየም ከገባ በካርዱ ላይ የእናትም ስም ይጻፍ።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ትክክል ነው፣ እደግፈዋለሁ። በየቦታው በጥይት ሰው በሚሞትበት አገር ሕጉ ቢላላ አልወድም። ግን ብዙ ሰው ከአባቱ ሳጥን ያገኘውን አሮጌ ሽጉጥ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ይፈራል። የፈራ ሰው ወይ ሽንት ቤት ጉድጓድ ይጥለዋል፣ ወይ በሌሊት አዌቱ ወንዝ ይወረውረዋል፣ ወይ ለደላላ ይሸጠዋል። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው። የአርበኛ መሣሪያ የወንበዴ መሣሪያ ይሆናል።

እኔም አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠይቄ ነበር። «አምጥታችሁ አስረክቡ» ተባልኩ። ከዚያ የት ይሄዳል? ስሙ ይመዘገባል? ቤተሰቡ ደረሰኝ ያገኛል? መልስ የሰጠኝ የለም። የአባቱን ሽጉጥ የት እንደሚገባ ሳያውቅ ማን ያስረክባል?

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ፖሊስ፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱና ሙዚየሙ ተነጋግረው አንድ ቀን ይወስኑ። በዚያ ቀን ሽጉጥ ይዞ የመጣ ሰው እንደ ወንጀለኛ እንዳይታይ አስቀድመው በሬዲዮ ይንገሩ። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ይውጣ፣ አፈሙዙ ይደፈን፣ ይህም ቤተሰቡ እያየ ይሁን። ከዚያ እንደ ማንኛውም ቅርስ ይመዝገብ። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ከወጣ ስንት ዘመኑ! ሙዚየሙ የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ጠብቆ ለእኛ አድርሷል። ለእነዚህም አንድ የመስታወት ሳጥን አያጣም።

እስከዚያው ድረስ ሽጉጥ በፈቃድ የያዛችሁ የአርበኛ ልጆች፣ አደራችሁን። ከቆዳ ማኅደሩ አውጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ይታወቃል፣ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ይበላል። ማኅደሩን ለብቻው አስቀምጡ። በአሸዋ ወይም በብረት ፍቅፋቂ አትፈትጉት፣ ማኅተሙና ቁጥሩ ይጠፋል። ቅቤ አትቀቡት። ቀጭን የማሽን ዘይት በጨርቅ ይበቃዋል። ጥይት ካለው ደግሞ በራሳችሁ አትነካኩ፣ የሚያውቅ ሰው ያውጣው። ከሁሉ በፊት ግን የምታውቁትን በወረቀት ጻፉ፣ ወይም ልጆቻችሁ በስልክ ድምፃችሁን ይቅረጹ።

የአባቴ ሽጉጥ በፈቃድ የተመዘገበ ነው። ሙዚየሙ ቦታ ካዘጋጀ ለማስረከብ ወንድሞቼም ተስማምተዋል። የሰበሰብኳቸውን ፎቶዎችና የጻፍኩበትን ደብተርም፣ ባለቤቶቹን አስፈቅጄ፣ አብሬ እሰጣለሁ። የሚመለከተው አካል ይህን ካነበበ በዚሁ ገጽ መልስ ይስጠን።

የአርበኛ ልጅ
ከጅማ