ስለ እናትሽ ዕቃዎች

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ አልፏል፤ የዝምታችንን ምክንያት መቁጠር ግን ለሁለታችንም የሚጠቅም አይመስለኝምና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የእናትሽን ማረፍ ከሰማሁ ወዲህ ከሐሳቤ አልተለየሽም። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን፤ ለአንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ «ክፍላቸውን ገና አልከፈትኩትም፤ ዘመድ ሁሉ ግን ቶሎ አንሺው እያለ ያስጨንቀኛል» ያልሽው ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲያርፍ ዕቃውን የሰበሰብኩት እኔ ስለ ነበርኩ ነገሩን በቅርበት አውቀዋለሁ።

«ቶሎ» የሚለው ምክር የሚሠራው ለጥቂት ነገር ብቻ ነው። መድኃኒቶቻቸውን ለብቻ ሰብስቢ፤ ለእርሳቸው የታዘዘው መጠን ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል ለማንም አትስጪ፤ መልሶ የሚቀበል መድኃኒት ቤት ካለም ውሰጂለት። ቀጥሎ ወረቀት ነው፦ ኑዛዜ፣ የቤትና የባንክ ሰነድ፣ የብድር ውል፣ የተከፈለ ዕዳ ደረሰኝ። ይህ ሳይጣራ ዋጋ ያለውን ዕቃ ማከፋፈል ኋላ በወራሾች መካከል ክርክር ያመጣል። የስልክ መስመራቸውን ግን ለማዘጋት አትቸኩዪ፤ የባንክና የኢሜይል ማረጋገጫ ኮድ የሚላከው ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ቁጥር ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2013፣ አፕል ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ሰው ከሞተ በኋላ መረጃውን የሚረከብለትን ሰው በሕይወት ሳለ እንዲሰይም ይፈቅዳሉ፤ ባለቤቱ ካልሰየመ ግን ቤተሰቡን ረጅም የማስረጃ ውጣ ውረድ ይጠብቀዋል። (አንቺም እኔም የራሳችንን ዛሬውኑ ብንሰይም ምን ይለናል?)

ከዚህ የተረፈው ሁሉ መጠበቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ልብስ ነው፤ የለባሹን ሰው ቅርጽ ይዞ ይቆያልና። የወንድሜ ኮት ቀኝ ክርኑ ላይ ተጨማዶ ቀርቶ ነበር፤ ከኪሱም ተጣጥፎ የተረሳ ደረሰኝና በቢላ የተቀረጸ አጭር እርሳስ ወጣ። ስለዚህ የማንንም ልብስ ኪሱን ሳትፈትሺ ለሰው አታሳልፊ። ሽታ ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች በአጭር መንገድ ስለሚደርስ፣ አንድ ሹራብ ወደ አፍንጫሽ ማስጠጋት መቶ ፎቶ ከማየት የበለጠ ሊረብሽሽ ይችላል። እዚህ ላይ አስቸጋሪ ምርጫ አለ፤ ብል በተለይ ላብና እድፍ ያለበትን የሱፍ ልብስ ስለሚያጠቃ ለዓመታት የሚቀመጥ ልብስ መታጠብ አለበት፤ ሲታጠብ ደግሞ ጠረኑ ይሄዳል። እኔ ብሆን አንዱን ብቻ መርጬ ሳላጥብ አየር በማያስገባ ከረጢት አሽገዋለሁ፤ የቀረውን አጥቤና በደንብ አድርቄ የሚቀመጠውን አስቀምጣለሁ፣ የሚሰጠውን እሰጣለሁ። በከረጢቱ ውስጥም ቢሆን ጠረኑ እየሳሳ መሄዱ አይቀርም፤ ቢሆንም ጊዜ ታገኚበታለሽ።

«ሁሉንም አውጥተሽ ስጪና ይውጣልሽ» ለሚሉሽ ዘመዶች አንድ ነገር ልጨምር። የሥነ ልቦና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐዘን የሚፈጸመው ሐዘንተኛው ፍቅሩን ከሟቹ ላይ ቀስ በቀስ ሲያላቅቅ ነው ብሎ ነበር፤ ዘመዶችሽ ሳያውቁት የዚህ ሐሳብ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ይሁን እንጂ ሶፊ የምትባል ልጁ እ.ኤ.አ. በ1920 ከሞተችበት በኋላ ያው ፍሮይድ ተከፍቶ የሚዘጋ ትንሽ ጌጥ በሰዓቱ ሰንሰለት ላይ አንጠልጥሎ ይይዝ ነበር፤ ከዓመታት በኋላም እሱ ዘንድ ትታከም ለነበረች ገጣሚ ጌጡን አሳይቶ «እዚህ ናት» ብሏታል። የጻፈውን ሳይሆን የያዘውን ነው የማምነው። ሐዘንን የሚያጠኑ ሰዎችም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ከሟች ጋር ያለ ትስስር መልኩን ለውጦ መቀጠሉን እንደ ሕመም መቁጠር ትተዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ምን ይቅር የሚለው ነው። ከወንድሜ ንብረት ውዱ የእጅ ሰዓቱ ነበር፤ እሱን ልጁ ወሰደው። እኔ ያስቀረሁት መነጽሩን ነው፤ አንደኛው ማንጠልጠያው ተሰብሮ ራሱ በጥቁር ክር ጠምጥሞ አስሮታል፤ አዲስ ግዛ ብንለው እንቢ ያለበት ግትርነቱ እዚያ ቋጠሮ ላይ አለ። እናትሽም እንዲህ በእጃቸው የጠገኑት ነገር አይጠፋቸውም።

ፎቶግራፎቹን በተመለከተ፣ ከጀርባው ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም፤ አክስቶችሽ በሕይወት ሳሉ አብረሻቸው ተቀምጠሽ ማን ማን እንደሆነ ጠይቂያቸው። የምትጽፊው በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ከፊት በኩል ይታተማል፣ ቀለሙም ሊሰርግ ይችላል። ገጻቸው የሚያጣብቅ አሮጌ አልበሞች ፎቶን ስለሚጎዱ ቀስ ብለሽ አውጪ፤ አልላቀቅ ያለውን ግን አታስገድጂው፣ ባለበት ፎቶ አንሺው።

ወንድሞችሽና እኅቶችሽ ደግሞ እያንዳንዳቸው የሚፈልጉትን ለየብቻ ጽፈው ያምጡ፤ ሁለት ሰው የፈለገው ላይ ብቻ ትነጋገራላችሁ። ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም በማያወጣ ዕቃ ላይ ነውና «ይሄማ ምን ዋጋ አለው» ብለሽ አንዱንም ከዝርዝሩ አትተይ።

ደብዳቤዎቻቸውን ላንብብ ወይስ አላንብብ ያልሽውን ወደ ኋላ ያቆየሁት መልሱ ስለሚከብድ ነው። እርሳቸው «ይቃጠል» ብለው ከሆነ ይቃጠል። ምንም ካላሉ ግን ሳትከፍቺ አሽገሽ አኑሪው፤ የምታነቢበት ቀን ቢመጣ ያኔም እዚያው አለ፣ አንዴ ያነበብሽውን ግን መልሰሽ ልትረሺው አትችይም። ላኪው በሕይወት ያለ ደብዳቤ ከተገኘ ለላኪው መመለስ፣ ቢያንስም መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ አንቺም ባትስማሚ አልቀየምም።

ብቻሽን ግን አትጀምሪው፤ አንዱ ሲያነሣ ሌላው የሚመዘግብበት ሥራ ነው። ክፍሉን የምትከፍቺበትን ቀን ስትወስኚ ከሥራ ፈቃድ ማግኘት እንድችል አስቀድመሽ ጻፊልኝ። ካርቶንና ወፍራም ማርከር እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ወዳጅሽ