ከተማ ያልያዘው ጭፍራ፦ የታሪክ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

የታሪክ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ መልሱ አጭር ነው። አውሮፓን አቃጠልን። ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው ጊዜ ራሳችንም አብረን ተቃጠልን።

መስከረም ላይ የምዝገባ ጠረጴዛ ዘርግቼ ስቀመጥ ሰባት ልጆች ብቻ መጡልኝ። ከጎኔ ሚኒ ሚዲያው ስፒከሩን ከፍቶ ሙዚቃ ይለቃል፤ ሰልፉ እዚያ ነው። እኔ ደግሞ የአድዋን ፎቶ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። በሳምንቱ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ፦ "የታሪክ ክበብ። ዓርብ 9 ሰዓት። ቶታል ዋር አቲላ፣ በፕሮጀክተር።" በቀጣዩ ዓርብ 31 ልጅ ገባ። ግማሾቹ ወንበር አጥተው መስኮት ላይ ተቀመጡ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሩን ከፍቶ አየና "ጌም ነው እንዴ የምታስተምረው?" አለኝ። አዎ፣ ጌም ነው።

ለማያውቁት፦ ጌሙ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የሠራው ክሬቲቭ አሴምብሊ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ካርታው ላይ ተራ በተራ ትጫወታለህ፤ አንድ ተራ አንድ ወቅት ነው፣ አራት ተራ ዓመት ይሞላል። ሁለት ጦር ሲገናኝ ደግሞ ሜዳው ይከፈትና ራስህ ታዋጋለህ። ታሪኩ የሚጀምረው በ395 እ.ኤ.አ. ነው። የሮማው ንጉሥ ቴዎዶስዮስ የሞተበት ዓመት ነው፤ ምሥራቁ ለአርቃዴዎስ፣ ምዕራቡ ለአኖሬዎስ ደረሰ። ይህን ስናገር ከኋላ አንድ ዲያቆን ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ዮሐንስ አፈወርቅን ያሰደደው አርቃዴዎስ ነው?" እሱው ነው፤ በ404። ልጁ ከዚያ በኋላ የምሥራቁን ሮማ ባየ ቁጥር "ይበለው" ይል ነበር።

መጀመሪያ የጠየቁኝ አክሱምን እንድንጫወት ነው። አክሱም ካርታው ላይ አለች። ነገር ግን እሷን ለመጫወት ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልገዛሁትም። ስለዚህ ሁኖችን መረጥን፤ ከምሥራቅ በፈረስ መጥተው አውሮፓን ያስጨነቁ ሕዝብ ናቸው፣ አቲላ ንጉሣቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሁኖች በዚህ ጌም ከተማ መያዝ አይችሉም። ይዘርፋሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ይሄዳሉ። ከተማ የሌለው ሰው እንዴት ይኖራል የሚለውን ልጆቹ በራሳቸው እጅ እንዲያዩት ፈልጌ ነበር።

ገና ከመጀመራችን ስም ላይ ተጣላን። እኔ ሰሌዳው ላይ "ዘላን" ብዬ ጻፍኩ። ያቤሎ ተወልዶ ያደገ የ11ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ይሄ ስድብ ነው፤ አርብቶ አደር ነው የሚባለው" አለኝ። ልክ ነው፤ አጠፋሁት። ችግሩ "የአርብቶ አደር ሠራዊት" ብለህ በየደቂቃው መጮህ አይቻልም። በመጨረሻ "ጭፍራ" በሚለው ተስማማን። ጥሩ ቃል ነው። ጦሩንም፣ ሴቱንም፣ ከብቱንም፣ ድንኳኑንም አንድ ላይ የሚይዝ ይመስለኛል።

ልጆቹን በአራት ቡድን ከፈልኳቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጭፍራ። የቡድን መሪዎቹን ፊታውራሪ፣ ቀኝአዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች አልናቸው። ቀልድ ነበር፣ ግን ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ፤ እነዚህ ሹመቶች ከሚንቀሳቀስ ጦርና ከሰፈር አቀማመጥ የመጡ ናቸው። "ከተማ" የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር፤ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን እስኪመሠርቱ ድረስ ብዙዎቹ ነገሥታቶቻችን በድንኳን እየዞሩ ነው የገዙት። ይህን ስነግራቸው ግራዝማቹ "ታዲያ እኛም ሁን ነበርን" አለ። አይደለም አልኩት፤ አላመነኝም።

አሁን ወደ ውድቀታችን።

ጭፍራ በዚህ ጌም ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። አንደኛው ድንኳን ተክሎ መስፈር ነው። ስትሰፍር ትገነባለህ፣ ወታደር ትመለምላለህ፣ ሕዝብህም ይጨምራል። ሁለተኛው መንቀሳቀስ ነው፤ ያኔ ግንባታውም ምልመላውም ይቆማል። የከተማ ልጅ ምን ያደርጋል? ይሰፍራል። ልጆቹ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ከድንኳናቸው አልተነሱም። በረት ሠሩ፣ የቀስት መሥሪያ ሠሩ፣ ወታደር መለመሉ፣ እንደገና መለመሉ። አራት ጭፍራ በአንድ አካባቢ ተፋፍጎ ተቀመጠ። ጦሩ ሲበዛ የሚበላው አፍም በዛ፣ የምግቡ ቁጥር ቀይ ሆነ፣ ክረምት ገባና ሰው መርገፍ ጀመረ። የያቤሎው ልጅ ያኔ ነው አንጀቱ ያረረው። "ከብት አንድ ቦታ ታጉሮ አይሰማራም። አርብቶ አደር ዝም ብሎ አይዞርም፤ ዝናቡና ሣሩ የት እንዳለ አውቆ ነው የሚሄደው" አላቸው። በዚያ ዓርብ የተናገርኩት ሁሉ ከዚህች ሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።

ከዚያማ ተነሱ። ተነሥተውም ያገኙትን ሁሉ አቃጠሉ። አንድን ከተማ ስታቃጥል ወርቁ ወዲያው ይገባል፤ ያጓጓል። ዘርፎ ጥሎ መሄድም ይቻላል፤ ያኔ ከተማው ይቆማል። ለድምፅ በቀረበ ቁጥር ማቃጠል አሸነፈ፤ አንዴ 26 ለ2። እስከ ኅዳር ማለቂያ ድረስ ከዳኑብ ወንዝ በላይ ያለው አገር ካርታው ላይ ጥቁር ሆነ። የተቃጠለ መሬት ደግሞ ባዶ ነው፤ የሚዘረፍ የለም፣ የሚገብር የለም፣ ማንም መልሶ ሊያቀናው ቢፈልግ ብዙ ወርቅ ይጠይቀዋል። አገራቸውን ያቃጠልንባቸው ነገዶችም እንደኛው ድንኳናቸውን ጠቅልለው ጭፍራ ሆኑ፤ እኛ ልንዘርፈው ያሰብነውን እነሱ ቀድመው ዘረፉት። በ376 ጎቶች የሚባሉት ነገዶች ሁኖችን ሸሽተው ዳኑብን እንሻገር ብለው ሮማን የለመኑት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አድሪያኖፕል ከተማ አጠገብ የሮማውን ንጉሥ ዋሌንስን የገደሉት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። መጽሐፍ ላይ ሁለት መስመር ናት። እዚህ ግን ልጆቹ ላይ ደረሰች።

ታኅሣሥ ላይ ደሞዝ አጣን። ደሞዝ ሲጠፋ ጦሩ ሸፈተ። ደጃዝማቹ "ላሟን አርደን ወተት እንጠብቃለን" አለ፣ ላፕቶፑንም ዘጋው። የእኔን ላፕቶፕ።

ሁለተኛው ዘመቻ ከጥር ጀመረ። በመጀመሪያው ዓርብ አልተጫወትንም፤ ሒሳብ ሠራን። አቲላ ከመንገሡ በፊት የምሥራቁ ሮማ መዲና ቁስጥንጥንያ ለሁኖች በየዓመቱ 350 ሊብራ ወርቅ ትከፍል ነበር። አቲላና ወንድሙ ብሌዳ ወደ 700 አወጡት። በ440ዎቹ ደግሞ 2,100 ደረሰ። የሮማ ሊብራ 327 ግራም ገደማ ነው፤ ልጆቹ አባዝተው 687 ኪሎ አሉ። "በየዓመቱ?" በየዓመቱ። ክፍሉ ዝም አለ። ቁስጥንጥንያ ብትቃጠል ኖሮ ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር?

ስለዚህ ሕግ አወጣን። ማቃጠል የሚቻለው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲገኝ ብቻ ነው። ቅጥር የሌላቸውን ትናንሽ ከተሞች እየዘረፍን እንተዋለን፣ ሲያገግሙ እንመለሳለን። ጦርነት የሰለቸው ጎረቤት ሰላም ሲለምን በነፃ አንሰጥም፤ ያስከፍላል። ጭፍሮቹ ለየብቻ ይሰፍራሉ፣ ግን አንዱ ቢጠቃ ሌላው በአንድ ተራ እንዲደርስለት ያህል ይቀራረባሉ። ይህ የመጨረሻው የያቤሎው ልጅ ሐሳብ ነው። በተራ ያወጣውን መርሐ ግብር ደብተሩ ላይ ሠንጠረዥ አድርጎ ይዞ ይመጣ ነበር፤ የትኛው ጭፍራ ይሰፍራል፣ የትኛው ይወርራል፣ የትኛው ይመለሳል። ከእኔ የትምህርት ዕቅድ የተሻለ ነው።

ውጊያውን ያስተማረችን ደግሞ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። እስከ ጥር ድረስ ከኋላ ተቀምጣ አንድም ቃል አልተናገረችም። አንድ ዓርብ ማውሱ ደረሳት። ፊት ለፊት የሮማ ጦር፣ መሐሉ ጦር የያዘ እግረኛ፣ በቁጥር ከእኛ ይበልጣል። ወንዶቹ "ግቢ፣ ግቢበት!" ይላሉ። እሷ ባለ ቀስት ፈረሰኞቿን በሁለት ከፈለቻቸው፣ አስጠጋቻቸው፣ ተኮሰች፣ ሸሸች። "ለምን ትሸሺያለሽ?" ሲሏት "አልሸሸሁም" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። እግረኛው ተከተላት፤ ሰልፉም እየረዘመ፣ እየተበጣጠሰ ሄደ። ፈረሶቿ እየሸሹ ወደ ኋላ ይተኩሳሉ። በየመሐሉ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀስት ቁጥሩን። ቀስት ያልቃል፤ አብዛኛው ጀማሪ ይህን የሚያስታውሰው ካለቀ በኋላ ነው። ሩብ ያህል ሲቀራት ደብቃ ያቆየቻቸውን ባለ ጦር ፈረሰኞች ከጀርባ ለቀቀቻቸው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሞንጎሎችም በ1223 ካልካ ወንዝ ላይ የሩሲያን መሳፍንት የደመሰሱት መጀመሪያ ለቀናት ሸሽተው ነው ብዬ ልተርክ ስል የሚሰማኝ አልነበረም፤ እያጨበጨቡ ነበር።

ጌሙን ደግሞ ዝም ብዬ አላመሰግነውም። ሁኖች ከእሳት በቀር ምንም የማያውቁ አድርጎ ነው የሳላቸው። በ449 ከቁስጥንጥንያ መልእክተኞች ጋር አቲላ ዘንድ የሄደው የታሪክ ጸሐፊ ፕሪስኮስ የጻፈው ሌላ ነው። አቲላ ከእንጨት የተሠራ ያማረ ቤት ነበረው። ኦኔጌስዮስ የሚባለው ሹሙ ደግሞ ድንጋይ ከሩቅ አስመጥቶ መታጠቢያ ቤት አሠርቷል። የሠራለት ሲርሚየም ከምትባል የሮማ ከተማ የተማረከ ባለሙያ ነው፤ ሥራውን ስጨርስ ነፃ ያወጣኛል ብሎ ሲጠብቅ ጌታው እዚያው የመታጠቢያው አገልጋይ አደረገው። ልጆቹ በዚህ ሰውዬ በጣም ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ አዘኑለት። አንድ ሰሞን ግሩም ሥራ የሠራን ልጅ "መታጠቢያ ቤቱን እንዳታስረክብ" ማለት የክበቡ ቀልድ ሆነ።

በግንቦት ሀብታም ነበርን። አራቱም ጭፍሮች ሙሉ፣ ካዝናው ሙሉ፣ ከዳኑብ በታች ያለው ሁሉ ይገብራል። ጌሙ በየጊዜው ብርዱን ወደ ደቡብ እየገፋ መሬቱን ያመነምናል፤ እኛ ግን ስለምንንቀሳቀስ ብዙም አልጎዳንም። ይኼኔ ፊታውራሪው ተነሣና "ቁስጥንጥንያን እንያዝ" አለ።

ተቃወምኩ። በ447 የመሬት መንቀጥቀጥ የከተማዋን ቅጥር መትቶ 57 ግንብ እንደጣለ፣ ሕዝቡም በ60 ቀን መልሶ እንደገነባው፣ አቲላም ከተማዋን ሳይዝ እንደተመለሰ ነገርኳቸው። ፈረስ ግንብ አይዘልም አልኩ። የ10ኛ ክፍሏ ልጅም ከእኔ ጋር ነበረች፤ "ቢያንስ ከብበን እንጠብቅ፣ ከበባው ሲረዝም ግንቡ ይፈርሳል" አለች። ትክክል ናት፤ ጌሙ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ግን የቀረን ሁለት ዓርብ ነው። የ12ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ከፈተናው በፊት መጨረሻውን ማየት ፈልገዋል። ድምፅ ተሰጠ፤ 19 ለ7።

ጥቃቱ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪ ቀጠለ። 26 ልጅ አንዲት ትንሽ ስክሪን ላይ ተደራረበ። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው የልጆች ጭንቅላት ብቻ ነው፤ የምሰማውም "በር! በሩን!" የሚል ጩኸት። ከዚያ ጩኸቱ ቀነሰ። ፈረሶቹ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብተው መዞር አቃታቸው፣ ከላይ ቀስት ይዘንባል። ሁለት ጭፍራ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ፊታውራሪው ማውሱን ለልጅቷ አቀበላትና "አውጪን" አላት። የተረፈውን አወጣችው።

ሁለት ጭፍራ ቀርቶናል። ካዝናው ውስጥ ለአምስት ተራ የሚበቃ ወርቅ አለ። የሚገብሩልን ጎረቤቶች መገበሩን አቁመዋል። በሰኔ የመጀመሪያው ዓርብ ሴቭ አድርገን ዘጋነው፤ የያቤሎው ልጅ ሠንጠረዡን ለ9ኛ ክፍል ልጆች አስረከበ።

ክረምቱን ፋይሉን እንዳልነካው አስምለውኛል። አንድ ቀን ብቻ ከፍቼዋለሁ፤ አልተጫወትኩም፣ ለማየት ነው።