«ያለ ነው» ብላችሁ ላላለፋችሁኝ

ልጃችን ባለፈው እሑድ 80 ቀኗን ደፍና ክርስትና ተነሳች። በድግሱ ግርግር ማንንም በወጉ አላመሰገንኩም፤ ከእንግዳው ግማሹ እንዴት እንደከረምኩም አያውቅ። እዚህ ልጻፈው።

ሕመሙ የጀመረኝ በእርግዝናዬ ስድስተኛ ወር ላይ ነው፤ ከሆዴ በታች፣ ፊት ለፊት ያለው የዳሌ መጋጠሚያ ላይ። መጀመሪያ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነበር። ኋላ ቆሞ ሱሪ ማጥለቅ ቀረ፣ አልጋ ላይ መገላበጥም ጭንቅ ሆነ፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። በደብረ ብርሃን የጥቅምት ብርድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት መነሳት ምን እንደሆነ ያረገዘች ታውቀዋለች። መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ተቋም «እርግዝና ነው፣ ያለ ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ብሎ መለሰኝ። እያነከስኩ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ እህቴ፣ «በየትኛው እግርሽ ስትቆሚ ይብስብሻል?» ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። በእርግዝና ጊዜ የዳሌ መጋጠሚያዎች እንደሚላሉ፣ አንዱ ጎን ከሌላው በላይ ሲንቀሳቀስ እንደሚያም፣ ጽንሱን ግን እንደማይጎዳው አስረዳሽኝ። ከ5 እርጉዝ አንዷን ገደማ ያገኛታል ስትዪኝ፣ ስንቷ ዝም ብላ አነከሰች ብዬ ገረመኝ። ጉልበት ገጥሞ መዞርን፣ በጉልበት መሃል ትራስ አድርጎ መተኛትን፣ ቁጭ ብሎ መልበስን አሳየሽኝ። እማዬ ከመንዝ ያመጣችልኝን መቀነትም ከሆዴ ዝቅ አድርገሽ ዳሌዬ ላይ አሰርሽልኝ።

የሰፈራችን ባለ ባጃጅ፣ ስምህን ብጽፈው ታፍራለህ። መቀመጫው ላይ ፌስታል አንጥፈህ፣ መጀመሪያ ቁጭ እንድል፣ ከዚያ ሁለቱን እግሬን ገጥሜ እንድዞር አደረግከኝ። ፌስታሉ ሸርተት ያደርገኛል፤ አጥንቴ አይንገጫገጭም። ኮብልስቶኑ ላይ በእግር የሚሄደው ሰው እየቀደመን፣ ከኋላ ክላክስ ለሚነፋብህ ሁሉ እጅህን አውጥተህ «እርጉዝ ይዣለሁ!» ትል ነበር።

ባለቤቴን ቤት ውስጥ አመሰግነዋለሁ። ሊጥ ማቡካት ግን እስካሁን አልለመደም።

አዋላጇ እህቴ፣ ጉልበቶቼ ሳያመኝ የሚራራቁበት ልክ በልብስ ሰፊ ሜትር ተለክቶ ካርዴ ላይ ተጽፎ ነበር። ምጡ ጠንቶብኝ ስገባ ያንን አንብበሽ «በጎንሽ ትወልጃለሽ» አልሽ፤ ከልኩ በላይ እግሬን ማንም እንዳይከፍተው ቆመሽ ጠበቅሽልኝ። 3 ኪሎ ከ200 ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ በጎኔ ወለድኩ። «ማርያም ማርያም» ስትሉ ያደራችሁ፣ በማግስቱ ገንፎውን ይዛችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶቼም ማርያም ውለታችሁን ትክፈልልኝ።

ሕመሙ ከወለድኩ በኋላ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ፤ ሙሉ ጀሪካን ሳነሳ ብቻ አሁንም ቆንጠጥ ያደርገኛል።

እማዬ፣ መቀነትሽን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ገና አልመልስልሽም፤ ታናሽ እህቴ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች።