«ሕጋዊዎቹ እኛ» ላሉት ወንድሜ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ በእንግሊዝ አገር ስላለው የስደተኞች ክርክር የወጣውን የአንባቢ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው እንደኔው እዚህ የሚኖሩ ወንድማችን ናቸው። «እኛ ሕጋዊዎቹ ሠርተን፣ ግብር ከፍለን አርፈን በምንኖርበት፣ በጀልባ የሚመጡት ጥላቻ ጎትተውብን መጡ፣ ስማችንን አጠፉት፤ ሁሉም ይባረሩ» ይላሉ። ከአንድ ሰው ብቻ የሰማሁት ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን ከቅዳሴ በኋላም፣ ልደት ላይም፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም እየሰማሁት ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። እኔ የገባሁት በጭነት መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከፈረንሳዩ ወደብ ከካሌ፣ በሰላጣ ካርቶኖች መሃል ተጋድሜ። መኪናው ማቀዝቀዣ ነበረው። እንግሊዝ፣ ዶቨር ወደብ ላይ በሩ ሲከፈት ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው ነበር፤ አንዱ ፖሊስ አይቶ የራሱን ጓንት አውልቆ ሰጠኝ። ወረቀት እስካገኝ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ ኢንደፊኒት (ያለ ጊዜ ገደብ የመኖር ፈቃድ) አለኝ፣ ኬረር ሆኜ በየቤቱ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፣ ግብሬንም እከፍላለሁ። ታዲያ እኔ ከየትኞቹ ነኝ? ማን በየት በኩል እንደገባ እኮ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን። ያኔ በጀልባ መምጣት እንዲህ የተለመደ ቢሆን ኖሮ እኔም በጀልባ ነበር የምመጣው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የእንግሊዝን ጥገኝነት መጠየቂያ መንገድ ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

ጸሐፊው ጥገኝነት ጠያቂዎች በሆቴል የተቀመጡባትን፣ ለንደን አጠገብ ያለችውን የኤፒንግን ጉዳይ አንሥተዋል። እኔም አልዘለውም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በጀልባ ከገባ ሁለት ሳምንት ያልሞላው የአገራችን ሰው በ14 ዓመት ልጅና በአንዲት ሴት ላይ ጾታዊ ጥቃት ፈጽሞ ተፈርዶበታል። በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። ዜናውን የሰማሁት ዕቃ ሳጥብ ነው። «ኢትዮጵያዊ» ሲል እጄ በሳሙና እንደተለወሰ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ከዚያ አፈርኩና መልሼ ከፈትኩት። የልጅቷ እናት ብሆን እኔም ሆቴሉ በር ላይ ሄጄ እጮህ ነበር። ለሰውየው ጥብቅና አልቆምም፣ ማንም እንዲቆምለትም አልፈልግም። ግን ሆቴሉ በር ላይ የጮኹትን እናቶች ቁጣ ከሌላ ቦታ የመጡ ቀኝ አክራሪዎች ተቀበሏቸውና «ሁሉንም አባሩ» ወደሚል ለወጡት። ወንድማችን ይህንኑ ቃል ነው በአማርኛ የደገሙት።

«ሁሉንም» ሲባል እኛን የሚጨምር አይመስላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳውዝፖርት ላይ ሦስት ሕፃናት ልጃገረዶች ሲገደሉ፣ ገዳዩ በጀልባ የመጣ ጥገኝነት ጠያቂ ነው ተብሎ ተወራ። ውሸት ነበር፤ የተወለደው ካርዲፍ ነው። በዚያ ሰሞን ሁከተኞች ሮዘራም ላይ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያሉበት ሆቴል ላይ እሳት ለኮሱ። ሚድልስብሮ ላይ መኪና እያስቆሙ ሹፌሩን «ነጭ ነህ? እንግሊዛዊ ነህ?» ይሉ ነበር። ሰንደርላንድ ላይ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሁለት ፊሊፒናዊ ነርሶች ላይ ድንጋይ ወረወሩባቸው። ነርሶቹን ቪዛችሁ የታለ ያላቸው የለም።

ደግሞ ወረቀቱም ራሱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ስደትን አጥብቆ የሚቃወመው ፓርቲ፣ ሪፎርም ዩኬ፣ ሥልጣን ከያዝኩ ኢንደፊኒት የሚባለውን አጠፋለሁ፣ የተሰጠውንም አነሣለሁ አለ። በየአምስት ዓመቱ አዲስ ቪዛ መጠየቅ ነው፣ ያውም ከፍ ያለ ደመወዝ ላለው። የኬረር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም፣ ታውቁታላችሁ። ገዥው ፓርቲ ሌበርም በበኩሉ ኢንደፊኒት ለማግኘት የሚጠበቀውን አምስት ዓመት አሥር ላድርገው አለ፤ ጥገኝነት ለተሰጣቸው ደግሞ 20 ዓመት። ነገሩ ከጀልባ ተነሥቶ ሆቴል ገባ፣ ከሆቴል ወጥቶ እኔ ቤት ደረሰ። ብዙዎቻችን ዜግነት ያልወሰድነው የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ ነው። ፓስፖርታችንን ላለመመለስ ስንል ኢንደፊኒት ላይ ቆመናል። ሌላው ደግሞ ከ1,700 ፓውንድ በላይ የሆነውን ክፍያ አጥቶ። ወንድሜ የትኛው ላይ እንደሆኑ አላውቅም።

የምሠራው ኬንት ውስጥ፣ ዲል የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት ከምሄድባቸው ቤቶች በአንዱ፣ ቤተስሃንገር የሚባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1989 እስኪዘጋ እዚያ የሠሩ አዛውንት አሉ። እግራቸውን አጥቤ፣ ክሬም ቀብቼ፣ ካልሲ አጠልቅላቸዋለሁ። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። የ2025 የካውንቲ (የአካባቢ ምክር ቤት) ምርጫ ሲደርስ የፖስታ ድምፃቸውን አሸጉና «ስትወጪ ሳጥን ውስጥ ጣይልኝ» አሉኝ። ማንን እንደመረጡ አልደበቁኝም። ሪፎርምን ነው። ፊቴን አይተው «አንቺን አይደለም እኮ» አሉ። ፖስታውን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከሥራ ጓንቶቼ ጋር አደረግኩት። ቀዩ ሳጥን ጥግ ላይ ነው። ትንሽ ቆምኩና ከተትኩት። ድምፁ የሳቸው ነው፤ አደራ ደግሞ አደራ ነው። በዚያ ምርጫ ሪፎርም ኬንት ላይ ከ81 መቀመጫ 57ቱን ወሰደ።

ክፉ ሰው አይደሉም። የልጅ ልጃቸው ቤት አጥታ ከነልጆቿ እናቷ ጋ ተጨናንቃለች። ሐኪም ለማግኘት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስልክ ይዘን አብረን እንጠብቃለን። ችግራቸው እውነተኛ ነው። ያመጣሁት ግን እኔ አይደለሁም፣ ሆቴል ውስጥ ያለው ልጅም አይደለም።

አባታቸው ለማዕድኑ ሥራ ከዌልስ የመጡ ናቸው። ያኔ የዲል ሰዎች «ማዕድን ሠራተኛ አንቀበልም» የሚል ወረቀት መስኮታቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። «ታዲያስ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እኛ እኮ የአንድ አገር ሰዎች ነበርን» አሉ። የቀረውን ካልሲ አጥልቄላቸው ወጣሁ። ከውጭ አገር ለሚመጡ ኬረሮች ቪዛው የተዘጋው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በጁላይ ነው። ካውንስሉን የያዙት የሪፎርም ሰዎች ራሳቸው ሠራተኛ እንዳናጣ ብለው ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ደብዳቤ ጻፉ።

ወንድሜ፣ አሁን ለእርስዎ ልናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስደተኞች ወዳሉበት አንድ ሆቴል ለማስተርጎም እሄዳለሁ። ልጆቹ መሥራት አይፈቀድላቸውም። በሳምንት የሚሰጣቸው 10 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 በየመብራት ምሰሶው የእንግሊዝ ባንዲራ ሲሰቀል አንድ የ19 ዓመት ልጅ «እህቴ፣ ምን በዓል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደስ ብሎት ነበር የጠየቀኝ። በዓል እንዳልሆነ፣ ስደተኛ አንፈልግም የሚሉ ሰዎችም እንደሚሰቅሉት፣ እውነቱን ነገርኩት። የዚህን አገር ሕግም፣ ስለ ሴት ልጅም፣ ስለ ዕድሜም፣ ምንም ሳልሸፍን ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ «ስማችንን አጠፉት» ያሏቸው ልጆች ይህን በቋንቋቸው የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ ከልጆቹ ግማሾቹ የሚናገሩት ደግሞ ኦሮምኛ ነው። እርስዎ ጅማ እንዳደጉ ጽፈዋል። የምንጀምረው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ጋ አለ።

ስሜ እንዳይወጣ የጠየቅሁ አንባቢያችሁ፣
ከኬንት