የአስጠኚዎች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ባለፈው ጥቅምት ሲመዘገብ 26 አባላት ነበሩት፤ እስከ ሰኔ የዘለቁት 15 ናቸው። ያቋረጡትን አልወቅስም፤ ለራሱ ፈተና ለሚያጠና ተማሪ በየቅዳሜው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በጎረቤታችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገኝቶ ሕፃናትን ማስነበብ ቀላል ሸክም አይደለም። የዚያ ትምህርት ቤት መምህራን ማንበብ የከበዳቸውን 34 የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች መርጠው ሰጡን፤ እኛም ለእያንዳንዱ አስጠኚ ሁለት ወይም ሦስት ልጅ አደልን።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የባከኑት በእኔ፣ በመምህራቸው፣ ጥፋት ነው። ልጆቹ ፊደሉን በዜማ እንዲቆጥሩ ፈቀድሁ፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይደናቀፉ ስለወረዱትም ሁላችንም ደስ አለን። በአራተኛው ቅዳሜ አንዲት የ11ኛ ክፍል አባል ካርቶን ቆራርጣ፣ በየቁራጩ አንድ አንድ ፊደል ጽፋ መጣችና ካርዶቹን በውዛ ስታሳያቸው፣ እንደዚያ ሲያዜም የነበረ ልጅ «ቡ»ን ከ«ቢ» መለየት አቃተው። «ቡ» ምን እንደሚባል ለማወቅ ከ«በ» ተነሥቶ በጣቱ እየቆጠረ መድረስ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ አባላቱ 231ዱንም ካርዶች ሠሩ፤ ሥራው ራሱ ብዙ አስተማራቸው። የካዕብ፣ የሣልስና የኃምስ የየራሳቸው ምልክት ከፊደል ፊደል በአብዛኛው ስለሚመሳሰል ልጆቹ ቶሎ ያዟቸው፤ ሳድስ ግን «ል»፣ «ር»፣ «ን»፣ «ት» እያለ በየቤቱ መልኩን ስለሚለዋውጥ ለብቻው ከአንድ ወር በላይ ወሰደብን። ፊደሉ ካለቀ በኋላም ሌላ ችግር መጣ። «አበበ ገና አልመጣም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንድ ልጅ «ገና»ን አጥብቆ እንደ በዓሉ ስም አነበበው። አስጠኚው ሲያርመው ልጁ «ተመሳሳይ አይደለም እንዴ?» አለ። ልጁ ትክክል ነው፤ ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፣ አንባቢ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩን አስቀድሞ ሲረዳ ብቻ ነው። አስጠኚው ሰኞ ዕለት በእረፍት ሰዓት መጥቶ ይህንኑ እንዳስረዳው ጠየቀኝ፤ ስለ ሰዋስው ጥያቄ ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ልጨምር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሰፈራችን ሲቀጥል እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ በቀበሌው አዳራሽ ማታ ማታ ጎልማሶችን አስተምር ነበር። በአባቴ ዕድሜ ያሉ አንድ ሸማኔ ፊደሉን በቃላቸው ይወጡታል፣ ነጥዬ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ያልፈለጉ መስሎኝ በሰው ፊት ተቆጣኋቸው፤ ሁለት ምሽት ቀሩ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ ከሸማው ሥራ ቀና ሳይሉ «እኔ እኮ ዜማውን ነው የማውቀው» አሉኝ። ያን ምሽት መምህር ለመሆን ወሰንሁ ብል ነገሩን ማሳመር ይሆንብኛል፤ በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ግን ይዤው የገባሁት ይህንኑ እፍረት ነበር። አርባ ዓመት አስተምሬ ዘንድሮም ያንኑ ስሕተት መድገሜን ካርዶቹን ያመጣችው ልጅ አሳየችኝ።

ከአራቱ የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ሁለቱ መምህርነትን ለመማር እንዳሰቡ ነግረውኛል። ሦስተኛው በዚህ ክበብ ውስጥ ያወቀው ትዕግሥት እንደሌለው መሆኑን በግልጽ ነገረኝ፤ ይህንንም ከክበቡ ፍሬዎች እቆጥረዋለሁ፣ ሳይወዱት መምህር የሆነ ሰው የሚያደርሰውን ጉዳት ብዙ አይቻለሁና። ከሁለቱ የአንዷ አባት ግንቦት ላይ ቢሮዬ መጥተው «መምህር፣ በዚህ ደመወዝ እንዴት እንደሚኖሩ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ አለ?» አሉኝ። ስለ ደመወዙ የምመልሰው አልነበረኝምና ቅዳሜ እንዲመጡ ብቻ ለመንኋቸው። መጡ፤ በሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ልጃቸው ስታስነብብ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ሐሳባቸውን ይለውጡ አይለውጡ አልነገሩኝም።

ከ34ቱ ልጆች 25ቱ አሁን አንድ አጭር ምንባብ ያለ እርዳታ ያነባሉ፤ ሁለቱ ከሰፈሩ ለቀዋል፤ የቀሩትን የሰባቱን ስም ዝርዝር ለመጪው ዓመት የክበቡ ሰብሳቢ፣ ለዚያችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ አስረክቤያለሁ። ካርዶቹ በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ 19ኙ ስለጠፉ በመስከረም እንደገና ይቆረጣሉ፣ ካርቶን ያለው ቢሰጠን እንቀበላለን።