እማዬ፣ መጠይቁን የአባዬን አይተሽ አትሙዪው

ውድ እማዬ፣

ትናንት በስልክ ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ። የልብ ክትትል ክፍሉ ለአባዬም ለአንቺም አንድ ዓይነት መጠይቅ ሰጥቷችኋል። አንቺ ደግሞ እሱ የመለሰውን እያየሽ ያንኑ በራስሽ ወረቀት ላይ ልትደግሚ አስበሻል። «ክፉውን ጽፌ ላሟርትበት እንዴ?» አልሽኝ። አባዬ አጠገብሽ ስለነበር ብዙም አላወራን።

ዓረፍተ ነገሮቹን ስታነቢልኝ መጠይቁን አወቅኩት፤ ሰው ምን ያህል ተስፈኛ እንደሆነ የሚለካው ነው። ማይክል ሻየር እና ቻርልስ ካርቨር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት፣ በ1994 ደግሞ ያሻሻሉት ነው። 10 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ነጥብ የሚያዘው ግን በ6ቱ ብቻ ነው። 3ቱ መልካም ነገር ትጠብቂ እንደሆነ ይጠይቃሉ። 3ቱ ደግሞ «ሊበላሽብኝ የሚችል ነገር ካለ መበላሸቱ አይቀርም» ዓይነት ናቸው፤ የእነሱ ነጥብ ተገልብጦ ይደመራል፤ ማለትም ይበልጥ በተስማማሽ ቁጥር ነጥቡ ያንሳል። የቀሩት 4ቱ ሰው ምን እየተለካ እንደሆነ ቶሎ እንዳይገምት የገቡ ናቸው። ያ «ጓደኞቼ ምን አገባቸው?» ያልሽው ጥያቄ ከእነሱ አንዱ ነው።

ድምሩ ከ0 እስከ 24 ነው። ማለፊያ ነጥብ የለውም፣ መውደቅም የለም። መመሪያው ራሱ ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ እንደሌለ ይናገራል። ሌላው ሰው ምን ይል ይሆን ሳትዪ የራስሽን ስሜት ጻፊ ነው የሚለው።

ሐኪሞች ይህን የሚጠይቁት ለጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ አንድ ጥናት የልብ ደም ሥር ባይፓስ ቀዶ ሕክምና (ደም የተዘጋውን ሥር አልፎ እንዲሄድ አዲስ መንገድ የሚያበጅ) ያደረጉ 51 ወንዶችን ተከታትሎ ነበር። መልካም የሚጠብቁት ከአልጋ ቀና ብለው ለመቀመጥና በክፍላቸው ውስጥ ለመራመድ ፈጥነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 15 ጥናቶች አንድ ላይ ታዩ። ወደ 229 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ነበሩባቸው። ተስፈኛ በሆኑት ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና መሰል የልብና የደም ሥር አደጋዎችን የማግኘት ዕድሉ በ35 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ስትሰሚ ግን «በቃ፣ ተስፋ ካላደረግሁ እገድለዋለሁ» እንዳትዪ። እኔ በጣም የምፈራው ይህን ነው። ጥናቶቹ ሁለቱ ነገሮች አብረው እንደሚሄዱ እንጂ አንዱ ሌላውን እንደሚያመጣ አላረጋገጡም። ተስፈኛ ሰው ሲጋራ የማጨስ ዕድሉ አነስ፣ እንቅስቃሴው በዛ ይላል፤ ይህም ለልብ ይጠቅማል። የአንቺ ፍርሃት የአባዬን ልብ አያቆምም። መጠይቅ ላይ የተደረገች ምልክትም ሟርት አትሆንም።

ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 እነ ሻየር የቀድሞ ጥናቶችን መልሰው ሲመረምሩ፣ ከጤና ጋር ይበልጥ የተያያዘው የብሩህ ተስፋ መብዛት ሳይሆን የጨለምተኝነት ማነስ ሆኖ አገኙት። እኔን ይህ ደስ አሰኝቶኛል። ማንም ቀኑን ሙሉ እንድትስቂ አይጠብቅብሽም ማለት ነው። ክፉውን ብቻ መጠበቁ ትንሽ ቢቀልልሽ እንኳ ብዙ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አስታማሚንም የሚጠይቁት ያለምክንያት አይደለም። መድኃኒቱን በሰዓቱ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ጨው የምትቀንሺ፣ እግሩ ማበጡን የምታዪ፣ ጠዋት ጠዋት የምትመዝኚው አንቺ ነሽ። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ውሃ እያጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም የምትደውዪውም አንቺው። ያንቺ ጉልበት ሲያልቅ ይህ ሁሉ ይላላል። የእሱን መልስ ከገለበጥሽ ሐኪሙ የሚያየው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ነው። አንቺ ከወረቀቱ ላይ ትጠፊያለሽ።

እውነት እውነቱን እንነጋገር እማዬ። አባዬ በተፈጥሮው «ያልፋል» የሚል ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ሌሊት እየተነሳሽ ትንፋሹን ታዳምጫለሽ። የሁለታችሁ ቁጥር ቢለያይ ምን ይገርማል? እንዲያውም ልዩነቱ ነው ለሐኪሞቹ የሚጠቅማቸው። ማን እንደደከመ ያሳያቸዋል።

ስለዚህ እሱ ሲያንቀላፋ ሌላ ክፍል ሆነሽ ሙዪው። የመጣልሽን ጻፊ። ስታስረክቢ ደግሞ ነርሷን ለብቻዋ አግኝተሽ እንቅልፍ እንዳጣሽ ንገሪያት። ያ መጠይቅ ስለ እንቅልፍ አይጠይቅሽም፤ ካልነገርሻቸው አያውቁትም።

የሚዛኑን ነገር ከእህቴ ጋር ተነጋግረናል። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት እሷ መጥታ ትመዝነዋለች፣ ኪሎውንም ደብተሩ ላይ ትጽፋለች። አንቺ እስኪነጋልሽ ተኚ። እምቢ እንዳትዪን።

የምወድሽ ልጅሽ