ሾላው አይቆረጥም

ጅማ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቡናዋን ሦስት ጊዜ ማፍላቱን አልተወችም።

ወንድምሽ ጓሮ ያለውን ሾላ «የሌሊት ወፍ መናኸሪያ ሆነ፣ ቆርጠን እንገላገል» ይላል። አንቺም «ልጄን ይዤ ስመጣ እፈራለሁ» አልሽኝ። በስልክ ዝም ያልኩት የምለው ብዙ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገርሽ። አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሽ ኮርኒሳችን ውስጥ የሌሊት ወፍ ገብቶ ነበር። በርበሬ አጠንኩባቸው። ትልልቆቹ በረው ወጡ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሸተተ። ወጥቼ ሳይ ፀጉር እንኳ በቅጡ ያላወጡ ግልገሎች ሞተዋል። ለካ የሌሊት ወፍ እንደ ላም አጥቢ ናት፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወሊድ አንድ ብቻ ነው የምትወልደው። ዘጠኝ ቆጠርኩ። ለእናትሽ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አሁን ወደ ሾላው። የቡናችን ጥላ የሆኑትን ዋንዛዎች ማን ተከላቸው? እኔ አንዱንም አልተከልኩም። የዋንዛ ፍሬ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ፣ ጣፋጭ ነገር ነው። የሌሊት ወፏ በአፏ ይዛው ሌላ ዛፍ ትሄዳለች፤ ተዘቅዝቃ መጥጣ መጥጣ ዘሩን ትጥላለች። የሾላ ዘር ግን ደቃቅ ስለሆነ ከሥጋው ጋር ይዋጣል። ብዙም ሳይቆይ እየበረረች ታራግፈዋለች። ወፎች አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አርፈው ስለሚጥሉ ዘሩ ዛፍ ሥር ይቀራል። እሷ ግን የተራቆተ መሬት ላይም ትዘራለች። ጋና ውስጥ ጂፒኤስ አስረው የተከታተሉ ተመራማሪዎች አንዷ ትልቅ የሌሊት ወፍ ዝርያ ዘር እስከ 75 ኪሎ ሜትር ልትወስድ እንደምትችል አስልተዋል። ከጅማ ተነስተሽ አጋሮን አልፈሽ ሂጂ ማለት ነው!

አበባም ታዳቅላለች። ባኦባብ የሚባለው ዛፍ አበባ ሲመሽ ይፈካና በማግስቱ ይረግፋል። ንብ በተኛችበት ሰዓት ማን ይጎበኘዋል? ሰሞኑን አንድ ጎረቤታችን «ቡናንም እሷ ናት የምታዳቅለው» ሲል ሳቅሁ። ቡና ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ንብም ታግዘዋለች። የሌሊት ወፏ ውለታ ጥላው ላይ ነው። እሱ ራሱ መቼ አነሰ?

ስትፈሪ ግን ስህተት ነው አልልሽም። በእጅ አትነካም። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙና አጥቦ ቶሎ ጤና ጣቢያ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች። ነክሳ የጣለችውን ማንጎና ዘይቱን ለልጅሽ እንዳትሰጪው። ኮርኒሱን ደግሞ ግልገል የሌለበትን ወቅት ጠብቄ፣ አምሽተው ሁሉም ሲወጡ ቀዳዳውን ደፍኜዋለሁ። ቤት ውስጥ አይገቡብሽም፤ ዛፉ ላይ ይኑሩ።

ድሮ ሰዎች የሌሊት ወፍን ሲያሟት፣ ግብር ስትጠየቅ ለወፎቹ «አይጥ ነኝ»፣ ለአይጦቹ «ወፍ ነኝ» አለች ይባላል። እኔ ጓሮዬን ሳይ ግብሯን ከነወለዱ የከፈለች ይመስለኛል።

ለወንድምሽ አንቺ ንገሪው፣ እኔን አይሰማም። መጋዙን ቢፈልግ ግን አያገኘውም፤ ለጎረቤት አውሼዋለሁ፤ ቶሎ እንዳይመልስልኝም ነግሬዋለሁ።

አባትሽ